«ሰማይ አይታረስ» ሲጠብቅና ሲላላ

ሰሞኑን ሬዲዮ ላይ ስለ ህዋ ጦር መሣሪያ ውይይት ነበር። እንግዳው ስለ አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና ፉክክር ተጠየቀ። ትንሽ አሰበና «ያው ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ነው» ብሎ ዘጋው። አዘጋጁም «ልክ ነው» አለ። ማስታወቂያ ገባ። እኔ ከሬዲዮው ጋር ስጨቃጨቅ ቀረሁ።

ልጅ ሆኜ አያቴ ሲያርስ ድንጋይ ለቃሚው እኔ ነበርኩ። ማረሻው አፈሩን ሲገለብጥ ድንጋይ ይወጣል። አንሥቼ ዳር ላይ እከምራለሁ። በማግስቱ ስመጣ እዚያው ነው፤ ድንጋይ የትም አይሄድ። በሬዎቹ ወሰኑ ጋ ሲደርሱ አያቴ እርፉን ቀና አድርጎ ያዞራቸዋል፤ አንዲት ስንዝር አያልፍም። ጎረቤታችን ግን አንዳንድ ዓመት አንዲት ትልም ገፋ ያደርግ ነበር። አንዲት ትልም! ለእሷ ሽማግሌ ተቀምጦ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ትዝ ይለኛል። የገፋትን ሁለት ክረምት ዝም ካሉት «ሳርሰው የኖርኩት ነው» ለማለት አፍ ያገኛላ።

ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁ በተረቱ ውስጥ ያለው እርሻ የወሰን ጉዳይ ነው። ደግሞ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ረ»ን አጥብቃችሁ ካነበባችሁት «አይታረስም» ማለት ነው፤ አይቻልም፣ ተዉት። ብታላሉት ግን ክልከላ ይሆናል፦ እንዳይታረስ! ሁሉም ሰው አጥብቆ እንደሚለው አውቃለሁ። «ንጉሥ አይከሰስ» ከጎኑ ስላለ ሐሳቤን እንደሚያጣምምብኝም አውቃለሁ። የሆነ ሆኖ መጀመሪያ የተናገረው ገበሬ አላልቶ ይመስለኛል፤ ንጉሡን የጨመረበት ሌላ ሰው ነው፣ ምናልባትም ደጅ ጠኚ።

ይሄን ያላላ ንባብ ደግሞ ዓለም ፈርሞበታል። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የህዋ ስምምነት አንቀጽ 2 ማንም አገር ህዋን ወይም ጨረቃን በመጠቀምም ሆነ በመያዝ የራሱ ሊያደርግ አይችልም ይላል። ጎረቤታችን ይሄን ቢሰማ ይናደድ ነበር። አንቀጽ 4 የኑክሌርና ሌላ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ምድር ዙሪያ እንዳይቀመጥ ይከለክላል። ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው፦ ስለ ሌላው መሣሪያ፣ ከምድር ተወንጭፎ ሳተላይት ስለሚመታው ሚሳኤል ዝም ብሏል።

በዚያች ክፍተት ገብተው ያርሳሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ከተዋጊ አውሮፕላን በተተኮሰ ሚሳኤል የራሷን ሳተላይት መታች። ቻይና በ2007 ያረጀ የአየር ጠባይ ሳተላይቷን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተነችው፤ ከ3,000 በላይ ክትትል የሚደረግበት ስብርባሪ ወጣ። ህንድ በ2019፣ ሩሲያ በ2021 ተከተሉ። እዚያ ላይ ድንጋይ ለቃሚ ልጅ የለም። ዳር የሚከመርበት ወሰንም የለም። እያንዳንዷ ቁራጭ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረች የሁሉንም ማሳ ታቋርጣለች፤ የራሷን ባለቤት ጨምሮ።

ሩሲያ ኅዳር 2021 ላይ «ኮስሞስ 1408» የተባለውን የራሷን ሳተላይት ስትመታ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ምናልባት መሸሽ ቢመጣ ብለው ወደ መንኮራኩሮቻቸው ገብተው ተጠለሉ። ከሰባቱ ሁለቱ ሩሲያውያን ናቸው።

«ንጉሥ አይከሰስ»ስ? እሷን አልክድም። በሚያዝያ 2024 አሜሪካና ጃፓን የኑክሌር መሣሪያ ህዋ ላይ እንዳይቀመጥ የሚያሳስብ ረቂቅ ለጸጥታው ምክር ቤት አቀረቡ። 13 አገሮች ደገፉ፣ ቻይና ድምፅ አልሰጠችም፣ ሩሲያ በቬቶ ጣለችው። በ2008 ደግሞ ቻይናና ሩሲያ የራሳቸውን የስምምነት ረቂቅ ሲያመጡ አሜሪካ አልቀበልም ብላለች። ንጉሦቹ ብዙ ናቸው፤ እርስ በርስ ሲካሰሱ ግን ይውላሉ።

ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ማውራት ይቻል ነበር። ተረቱን መክፈቻ አድርገህ ብትጀምር ኖሮ አብሬህ አጨበጭብ ነበር። አንተ ግን መዝጊያ አደረግከው፤ ፕሮግራሙ ገና 20 ደቂቃ ይቀረው ነበር።