ሁለት ባላ ትከል

ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ ተናጋሪው ፓርቲ የቀየረ ባለሥልጣን ሲያወድስ ሰማሁ። «ብልህ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ» አለ። ለተረቱ አዘንኩለት።

ባላ ቤት ይደግፋል፣ ዳስም ይሸከማል። ይህ ተረት ግን የተወለደው ማማ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የቤት ባላ ላይ ማን ይንጠለጠላል? የሚንጠለጠለው ማሽላ ጠባቂ ልጅ ነው!

ያደግኩት ቆቦ አካባቢ ነው። ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር አጎቴ ማማ ይሠራል። ባላ የሚቆርጠው ከወይራ ነበር፤ ሌላውን እንጨት ምስጥ ይጨርሰዋል። ጉድጓዱን ክንድ ያህል ይቆፍራል፣ ባላውን ያቆማል፣ ሥሩን በድንጋይ ይጠቀጥቃል። ከዚያ ራሱ ተንጠልጥሎ ይወዘውዘዋል። ከተነቃነቀ እንደገና መቆፈር ነው። አግዳሚውን በልጥ አስሮ ርብራብ ያደርግበታል። እኛ ወንጭፋችንን ይዘን እንወጣለን። ግሪሳ ሲመጣ መወንጨፍ፣ መጮህ። አንዱ ባላ ከከዳ ሌላው ሰው እስኪደርስልህ ይዞ ያቆይሃል። ሁለቱም ታዲያ የሚተከሉት ለአንድ ማማ፣ ለአንድ ማሳ ነው። አጎቴ አንዱን በእኛ፣ ሌላውን በጎረቤት ማሳ ሲተክል አላየሁም።

አሁን አንድ የአማራ ክልል የወረዳ ሹም አስቡ። መስከረም 2011 ክልሉን ይገዛ የነበረው ፓርቲ ብአዴን ስሙን ቀይሮ አዴፓ ተባለ። ህዳር 2012 ደግሞ አዴፓ፣ የኦሮሚያው ኦዴፓና የደቡቡ ደኢህዴን ከአጋር ፓርቲዎች ጋር ተዋህደው ብልጽግና ፓርቲ ሆኑ፤ የትግራዩ ህወሓት አልገባም አለ። የወሰኑት ላይ ያሉት ናቸው። ታች ያለው ሰው ልጆች አሉት፣ በደመወዝ ነው የሚያድረው። ተነስቶ «እኔ የለሁበትም» ይበል? አዲስ አበባ የፌደራል ወንበር ላይ ለነበረ የህወሓት አባልማ የባሰ ነበር። ብልጽግና ቢገባ መቀሌ ላይ ከሃዲ ነው፣ ባይገባ አዲስ አበባ ላይ ይጠረጠራል።

እነዚህን ሰዎች «ሁለት ባላ ተካይ» ብሎ መስደብ ግፍ ነው። ባላ የሚተክል ሰው አስቀድሞ ያሰበ ነው። እነሱ የቆሙበት ሲነቀል ያገኙትን የያዙ ናቸው።

ጥቅሙን አስልቶ የሚዘልን መሪ ለማሞገስም ይህን ተረት አትጥሩ። ለእሱ «እናቴን ያገባ ሁሉ አባቴ ነው» የሚል አለን። እሱን ጥቀሱለት፤ የማሽላ ጠባቂዎቹን ተረት ግን ተዉልን።