ከቀሃ እስከ አንገረብ፦ ጎንደርን በሕንጻዎቿ መጎብኘት

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ፣ በምሥራቅ በአንገረብ፣ በምዕራብ በቀሃ ወንዝ ተከባ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሁለቱ ወንዞች ከከተማዋ በስተደቡብ ተገናኝተው ወደ መገጭ ይወርዳሉ፤ መገጭም ጉዞውን ጣና ሐይቅ ላይ ይጨርሳል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። አጼ ፋሲለደስ (1632–1667) በ1636 ገደማ መናገሻቸውን እዚህ ሲያጸኑ፣ ወንዞቹ ውኃም አጥርም ሆነው አገልግለዋል። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ያደገችው፣ ሰፈሮቿ የተከፋፈሉትና ቤተ መንግሥቶቿ የተሠሩት እነዚህን ወንዞች እየተከተሉ ነው። የጎንደርን የሕንጻ ጥበብ በአስጎብኚ መሪነት ማየት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በፋሲል ግቢ ጀምሮ በዚያው ይጨርሳል። ግቢው ግን የታሪኩ እኩሌታ እንኳ አይሆንም፤ ሙሉ ጉብኝት ወደ ወንዞቹ መውረድንና መሻገርን ይጠይቃል።

የፋሲል ግቢ 70,000 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ዙሪያውን 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የድንጋይ ቅጥር ታጥሯል። በሮቹ 12 እንደሆኑ ይነገራል፤ እያንዳንዳቸውም በሚያልፍባቸው ሰው ወይም በአቅራቢያቸው በሚሠራው ሥራ ተሰይመዋል፦ ዳኞች የሚቀመጡበት ወንበር በር፣ ጥጥ ፈታዮች የሚገቡበት አደናገር በር፣ ነፊዎች የሚያልፉበት እምቢልታ በር፣ ፈረሰኞች የሚወጡበት ባልደራስ በር። አስጎብኚ እነዚህን ስሞች ሳይጠራ ጎብኚውን በአንድ በር አስገብቶ በዚያው ካስወጣው፣ የቤተ መንግሥቱ የዕለት ኑሮ ከጉብኝቱ ጎደለ ማለት ነው። ከግቢው ፊት ለፊት ባለው ጃንተከል አደባባይ የቆመውን ዋርካ አልፎ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የአጼ ፋሲለደስን ግንብ ነው። በአራቱ ማዕዘኖቹ የቆሙት ክብ ማማዎች አናታቸው በጉልላት ተደፍኗል፤ ከነዚህ በላይ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ማማ ብቻውን ይወጣል፤ ከዚያ ላይ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ጣና ይታያል።

ግድግዳው የተሠራው ከአካባቢው በሚገኝ ጥቁር ድንጋይና በኖራ ነው። በኖራ መገንባት በቤተ መንግሥት ሥራ የተለመደው ከፋሲለደስ አባት ከአጼ ሱስንዮስ (1607–1632) ዘመን ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በጭቃ ይያያዝ የነበረው ድንጋይ ኖራ ሲያገኝ፣ ፎቅ ላይ ፎቅ መደረብ፣ ጣሪያንም በቅስትና በጉልላት መዝጋት ቀለለ። ወደ አንድ የበር ማዕዘን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው የድንጋዮቹ ፊት እኩል አይደለም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ በመካከላቸው ያለው ኖራ ነጣ ያለ፣ የአሸዋው ፍሬ ሳይቀር የሚቆጠር ነው። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ግራጫ፣ ለስላሳና ድርቅ ያለ ልስን ሊያጋጥመው ይችላል፤ እርሱ ሲሚንቶ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ (1936–1941) በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገብቶ ነበር፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተካሄደው ጥገና ግን ሲሚንቶውን እያነሱ በኖራ መተካት ተጀመረ። ኖራ ግድግዳው የጠጣውን የክረምት ውኃ መልሶ እንዲያወጣ ያደርጋል፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ ስለሚያፍነው ድንጋዩን ይጎዳል። ለእኔ ይህች የሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ከነገሥታት የዘር ሐረግ ይልቅ ለጎብኚ ትጠቅማለች፤ ሕንጻው እስከ ዛሬ ለምን እንደቆመና ነገም ምን እንደሚያሰጋው ታሳየዋለችና።

በግቢው ውስጥ የአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ የአጼ ዳዊት የዘፈን ቤት፣ የአጼ በካፋ የግብር (የግብዣ) አዳራሽና የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ተከታትለው ይገኛሉ። የኢያሱ ግንብ በ1704 በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላም በ1941 በተጣለ ቦምብ ተጎድቶ ጣሪያውን አጥቷል።

ከግቢው ወጥቶ ወደ ምዕራብ ወደ ቀሃ ሲወረድ የሰፈሩ መልክ ይለወጣል። በ1668 በአጼ ዮሐንስ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ በመወሰኑ፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ የራሳቸው ሰፈር ጸና፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የሚባለው ይህ ነው። ውሳኔው መለያየት ነበር፤ ይህን ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል። ሆኖም ከዚያ ሰፈር የወጡት ነጋዴዎች እስከ ምጽዋና እስከ ሱዳኗ ስናር እየተመላለሱ፣ ሸማኔዎቹም በእጃቸው ሥራ የከተማዋን ገበያ ሲያቆሙ ኖረዋል። ከከተማዋ በስተሰሜን በወለቃ መንደር ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ከእነርሱ ያላነሰ ድርሻ አላቸው፤ በግንበኝነት፣ በአናጺነትና በብረት ሥራ ለነገሥታቱ ያገለገሉት እነርሱ ነበሩና፣ ግንቦቹን ያየ ሰው ወለቃን ሳያይ ቢመለስ ባለሙያዎቹን ሳያመሰግን እንደ ሄደ እቆጥረዋለሁ። አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ መንደሩ አሁን የሚታወቀው በመንገድ ዳር በሚሸጡት የሸክላ ሥራዎች ነው።

በቀሃ ዳር ያለው የፋሲለደስ መዋኛ በጉብኝቱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ስፍራ ነው። በቅጥር በተከበበ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ፣ በቅስቶች ላይ የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ግንብ ይገኛል፤ ወደ እርሱም በድንጋይ ድልድይ ይገባል። ገንዳው ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ነው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ የሚመጣው ውኃ ቀናት ፈጅቶ ይሞላዋል፤ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየደብራቸው ወርደው በዚያው ያድራሉ፣ በማግስቱ ውኃው ሲባረክ ወጣቱ እየዘለለ ይገባል። በቅጥሩ ላይ የበቀሉት ዋርካዎች ሥሮቻቸውን ከላይ እስከ ታች ሰድደው ድንጋዩን እንደ ገመድ ጠፍረውታል፤ በአንዳንድ ቦታ ሥሩ ከሰው ወገብ ይወፍራል። ድንጋዩን ይዞ ያቆመው ሥሩ ነው ወይስ ሊያፈርሰው የተቃረበው እርሱ ነው የሚለው ጥያቄ፣ ስፍራውን ባየሁ ቁጥር የሚያስጨንቀኝ ነው፤ ሥሩን መቁረጥም መተውም አደጋ አለው።

ቀሃን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከተወጣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ይደረሳል። እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን (1730–1755) ሞግዚት ሆነው ሲገዙ ያስገነቡት ሲሆን፣ ቤተ መንግሥት፣ የግብር አዳራሽና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቅጥር ይዟል። እዚህ በግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎችና ጌጦች ይታያሉ። ይህ የጎንደር ሥነ ሕንጻ ከምሽግነት ወደ ውበት ማዘንበሉን በግልጽ የሚያሳይ ስፍራ ነው።

በአንገረብ በኩል ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በአድያም ሰገድ ኢያሱ (1682–1706) የተመሠረተ ነው። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ክብ እንደነበረና በመብረቅ እንደተቃጠለ ይታወቃል፤ የአሁኑ በኋላ የተሠራ፣ ማዕዘን ያለውና በሳር የተከደነ ነው። ጣሪያው ከመቶ በላይ በሆኑ የመላእክት ፊቶች ተሸፍኗል፤ ዓይኖቻቸው ሁሉም ወደታች ይመለከታሉ። በ1888 ድርቡሾች (የሱዳን መህዲ ተከታዮች) የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈ ሲሆን፣ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ያተረፈው የንብ መንጋ እንደሆነ ይተረካል።

የከተማዋ ማዕከል ፒያሳ ደግሞ የሌላ ዘመን ሥራ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ባወጣው ፕላን መሠረት የፖስታ ቤቱ፣ የሲኒማ ቤቱና የባንኩ ዓይነት ሕንጻዎች ተሠሩ፤ ቀጥ ያለ መስመራቸውና ማዕዘናቸው ክብ የሆነ ገጽታዎቻቸው ከግንቦቹ ጋር ጎን ለጎን ቆመዋል። የወራሪ ሥራ መሆኑ ሳይረሳ፣ የከተማዋ አካል ሆኖ መጠበቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ጊዜ ያለው ጎብኚ ጉዞውን ወደ ደቡብ፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አዘዞ ሊያራዝም ይገባል። ከፋሲለደስ በፊት ሱስንዮስ ቤተ መንግሥትና የገነተ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት በዚያ ነው፤ የጎንደር ግንቦች አጀማመር በደንብ የሚገባው አዘዞን ላየ ሰው ነው። በመንገዱም ላይ ስለ ድልድይ ማንሳት ይቻላል። ፋሲለደስ ሰባት ድልድይ አሠርተዋል ስለሚባል፣ በሀገሪቱ ያረጀ ቅስት ያለው ድልድይ ሁሉ ‹‹የፋሲል ነው›› ይባላል። ጠንቃቃ አስጎብኚ ይህን እንደ ትውፊት ነግሮ ወደ ድንጋዩ ያቀርባል፤ የቅስቱ ጠርዝ ድንጋዮች እንዴት እንደተገጠሙና ኖራው የት እንዳለ ያሳያል። ለዚህ ጉዞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ክረምቱ ስላለፈ መንገዱ ደርቋል፣ በቀሃና በአንገረብ ግን ውኃው ገና አልጎደለም።