ሪቨርስ ስፕሊት፦ አሥሩ አክሲዮን አንድ ሲሆን

ሪቨርስ ስፕሊት ማለት አንድ ኩባንያ ለሕዝብ የሸጣቸውን አክሲዮኖች ሰብስቦ በቁጥር ማሳነሱ ነው። አሥር አክሲዮን የነበረው ሰው አንድ ይኖረዋል። የአንዷ ዋጋ ግን አሥር እጥፍ ይሆናል። በአማርኛ ውሕደት ብንለው ከኩባንያዎች ውሕደት ጋር ስለሚምታታ፣ እዚህ ገበያው የሚጠራበትን ስም እንይዛለን። በሒሳብ ደረጃ ነገሩ ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ ነው። አራት አራት ዶላር የሚያወጡ አሥር አክሲዮኖችም፣ 40 ዶላር የምታወጣ አንዷም ያው 40 ዶላር ናቸው።

ታዲያ ለምን ይለፋሉ? ብዙ ጊዜ ከገበያ ላለመባረር ነው። በአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ናስዳክ የአንድ አክሲዮን ዋጋ ለ30 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከ1 ዶላር በታች ከዋለ፣ ለኩባንያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ብዙውን ጊዜ ማስተካከያ 180 ቀን ይሰጠዋል። የኒውዮርክ ገበያም ተመሳሳይ ደንብ አለው። ሁለተኛው ምክንያት ስም ነው። ከ5 ዶላር በታች የሆነ አክሲዮን ርካሽ ይመስላል፤ አንዳንድ ትልልቅ ፈንዶችም እንዲህ ያለውን ላለመግዛት በውስጥ ደንባቸው ይታሰራሉ።

ጉዳዩን በደንብ የሚያሳየው የአሜሪካው ባንክ ሲቲግሩፕ ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉ ቢረዝም አይግረማችሁ፤ እጄ ላይ ያሉት በአብዛኛው የባንኩ ዓመታዊ ሪፖርቶች ናቸው። በ2006 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጨረሻ የሲቲ አክሲዮን 55 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ የቤት ብድሩ ቀውስ መጣ። በመጋቢት 2009 ዋጋው ለአጭር ጊዜም ቢሆን ከ1 ዶላር በታች ወረደ። ባንኩ ካፒታል ለመሙላት አዳዲስ አክሲዮኖችን በገፍ አወጣ፤ መንግሥትም ትልቅ ባለድርሻ ሆነ። የአክሲዮኖቹ ቁጥር ከአምስት ቢሊዮን ተኩል ገደማ ተነሥቶ ወደ 29 ቢሊዮን ደረሰ። የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ የቀጠነው ያኔ ነው፣ ገና ሪቨርስ ስፕሊት የሚባል ነገር ሳይነሣ።

በቪክራም ፓንዲት የሚመራው ባንክ ግንቦት 2011 ላይ አሥሩን በአንድ ጠቀለለ። ዓርብ በ4.50 ዶላር አካባቢ የተዘጋው አክሲዮን ሰኞ በ44 ዶላር አካባቢ ተገበያየ። 29 ቢሊዮኑ 2.9 ቢሊዮን ሆነ። ሊያወጣ የሚፈቀድለትን የአክሲዮን ጣሪያም ከ60 ቢሊዮን ወደ 6 ቢሊዮን ዝቅ አደረገ። ለዚህ ባንኩን ማመስገን ይገባል፤ ሁሉም አያደርገውም። ጣሪያው ባለበት ሲቀር ኩባንያው አዲስ አክሲዮን የሚያትምበት ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ ባለድርሻውም እንደገና ይቀጥናል።

47 አክሲዮን የነበረው ሰው አራት ተሰጠው። የቀረችው ሰባት አሥረኛ በጥሬ ገንዘብ ተከፈለችው፤ ሠላሳ ዶላር ገደማ መሆኗ ነው። ዘጠኝ ብቻ የነበረው ሰው ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ከባለአክሲዮንነት ወጣ፣ ሳይጠየቅ።

የትርፍ ድርሻው ነገር የበለጠ ይናገራል። በ2007 አንድ አክሲዮን በየሩብ ዓመቱ 54 ሳንቲም ይከፍል ነበር። 1,000 አክሲዮን ያለው ጡረተኛ በየሦስት ወሩ 540 ዶላር ያገኛል። ከሪቨርስ ስፕሊቱ በኋላ ባንኩ የትርፍ ድርሻ መክፈል ጀመርኩ ሲል በአክሲዮን 1 ሳንቲም ነበር። የዚያው ሰው 1,000 አክሲዮን 100 ሆኗል። በሩብ ዓመት አንድ ዶላር! ይህ ክፍያ ከፍ ያለው በ2015 ነው፣ ያውም ወደ 5 ሳንቲም።

በ2011 መጨረሻ ዋጋው ወደ 26 ዶላር ወርዶ ነበር። ተጠያቂው ሪቨርስ ስፕሊቱ ነው ማለት ይከብዳል፤ ያኔ የአውሮፓ የዕዳ ቀውስ ባንኮችን ሁሉ ይመታ ነበር። በ2025 ከ100 ዶላር አልፏል። ግን የ2006ቱ 55 ዶላር በአሁኑ ቆጠራ 550 ነው። ግራፉን ሳያዩ «ዋጋው እጥፍ ሆኗል» የሚሉ አሉ፤ ተሸውደዋል።

የሌሎቹ ታሪክ አጭር ነው። የመድን ኩባንያው ኤአይጂ በ2009 ሃያውን በአንድ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ2021 ስምንቱን በአንድ አደረጉ። ፕራይስላይን በ2003 ስድስቱን በአንድ ሲያደርግ ብዙ ሰው አልቆለታል ብሎ ነበር። ዛሬ ቡኪንግ ሆልዲንግስ ተብሎ ከዓለም ትልልቅ የጉዞ ኩባንያዎች አንዱ ነው። በሌላው ጫፍ ኤሌክትሪክ መኪና አምራች የነበረው ሙለን አለ። በ2023 ብቻ ሦስት ጊዜ ጠቀለለ፤ 25፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 100። ስታባዙት 22,500 የቀድሞ አክሲዮን አንድ ሆነ። ናስዳክም በ2025 ደንቡን አጠበቀ፤ በሪቨርስ ስፕሊት ማግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ከ1 ዶላር በታች የወረደ ኩባንያ የእፎይታ ጊዜ አያገኝም።

በረጅም ጊዜ ትርፍ ላይ ጥናቶች የሚያዘነብሉት ወደ መጥፎው ነው። ከ1962 እስከ 2001 የተደረጉ ከ1,600 በላይ ሪቨርስ ስፕሊቶችን ያየ አንድ ጥናት፣ ኩባንያዎቹ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ከመሰሎቻቸው ያነሰ ትርፍ ለባለአክሲዮኖቻቸው እንዳስገኙ አሳይቷል። እርምጃው ራሱ ይጎዳል ወይስ የታመመ ኩባንያ መድኃኒት ስለሆነ ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ።

በአገራችን ወጋገን ባንክ በጥር 2017 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ቀዳሚው ተመዝጋቢ ሆኗል። እዚህ አክሲዮን በኩባንያው መመሥረቻ ጽሑፍ ላይ የተጻፈ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ አክሲዮን መጠቅለል የሚፈልግ ኩባንያ መጀመሪያ ጠቅላላ ጉባኤውን አሳምኖ የመመሥረቻ ጽሑፉን መለወጥ ይኖርበታል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ስልካችሁ ላይ በአንድ ሌሊት 900 በመቶ ያተረፈ አክሲዮን ካያችሁ፣ ከመጨፈራችሁ በፊት ስንት አክሲዮን እንደቀራችሁ ቁጠሩ።