ሚራዶሮ ምንድን ነው? ሊዝበንን በእግር ማወቅ

ሊዝበን በእግር የሚዞር ሰው ሚራዶሮ የሚባል ነገር በየዳገቱ ጫፍ ይገጥመዋል። ሚራዶሮ ኮረብታ አፋፍ ላይ የተሠራ፣ ለማንም ክፍት የሆነ መመልከቻ ቦታ ነው። የድንጋይ ወይም የብረት መከለያ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብዙ ጊዜም ዛፍና ቡና የሚሸጥበት ኪዮስክ አያጣም። መግቢያ አይከፈልበትም። ሽማግሌዎች ወሬ ይይዙበታል፣ ተማሪዎች ከትምህርት ሲወጡ ይሰበሰቡበታል፣ እንግዳው ደግሞ ትንፋሹን ይሰበስብበታል።

ከተማዋ በሰባት ኮረብታ ላይ ተሠራች ይባላል። ቁጥሩን እንተወውና ዳገቱን እግር ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ወይም መንገድ ለመሥራት መጀመሪያ መደገፊያ ግንብ ማቆም፣ ከኋላው አፈር መሙላት ያስፈልጋል። ከላይ ደልዳላ ቦታ ይገኛል። የታችኛው ሰፈር ጣሪያ ከእግር በታች ስለሚቀር እይታውን የሚጋርድ ነገር የለም። አንዳንዱ ሚራዶሮ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ግራሳ ኮረብታ ላይ ያለው እንደዚያ ነው። ሌላው የድሮ የከተማ ቅጥር የነበረበት ነው።

ብዙ ጎብኚ በ28 ቁጥር ትራም ተጨናንቆ ይወጣል፣ ጀምበር ስትጠልቅ ፎቶ ያነሳል፣ በዚያው ይመለሳል። ይህ ያስቆጨኛል። ከአንዱ ሚራዶሮ ቆሞ ሌላውን ማየት ይቻላልና። ማዶ ያለውን ኮረብታ ምረጡ፣ ወደ ሸለቆው ውረዱ፣ እንደገና ውጡ። ሰፈሮቹ ያሉት በዚያ ቁልቁለትና ዳገት ላይ ነው።

እኔ ብመራችሁ በጠዋት ከፖርታሽ ዶ ሶል ሚራዶሮ አስጀምራችኋለሁ። በጥንት ጊዜ እዚህ የከተማዋ አንድ በር ነበር። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ በቴዦ ወንዝ በኩል ትመጣለች። ከሥር የሚታየው አልፋማ የሚባለው ሰፈር ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ደረጃው ብዙ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት፣ ከተማዋን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከዚያ ባሕሩ ተነሣባት፣ ከዚያ እሳት ተከተለ። ባይሻ የሚባለው ዝቅተኛው ከተማ ሲወድም አልፋማ በአብዛኛው ተረፈ። የድሮው የመንገድ አቀማመጥ እስካሁን ያለው ለዚህ ነው።

ጥቂት እርምጃ አልፎ ሳንታ ሉዚያ የሚባል ሚራዶሮ አለ። እዚህ ቶሎ አትለፉ። የቤተ ክርስቲያኑ የውጭ ግድግዳ ላይ በሰማያዊና በነጭ ሴራሚክ የተሠሩ ሁለት ሥዕሎች አሉ። አንዱ ከመንቀጥቀጡ በፊት የነበረውን የወንዝ ዳር አደባባይ ከነቤተ መንግሥቱ ያሳያል። ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ የለም። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1147 ንጉሥ አፎንሶ ኤንሪኬ ኮረብታው አናት ላይ ያለውን የምሽግ ግንብ ከሙስሊሞች የያዘበትን ጦርነት ነው። ማርቲም ሞኒዝ የተባለ ወታደር በሩ እንዳይዘጋ ሰውነቱን ሰንቅሮ ሞተ የሚለው አፈ ታሪክም እዚያው ተስሏል። ስሙን ያዙልኝ።

ወንዙን ሳይ ሁሌ የሚመጣብኝ የእኛው ሰው ጸጋ ዘአብ ነው። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1527 ሊዝበን የገባው በመርከብ ነበር። አገሩን ለቅቆ ይህን ሁሉ ባሕር ማቋረጡ ይደንቀኛል።

ከዚያ በግራሳ በኩል ወደ ሴኞራ ዶ ሞንቴ ውጡ። ከተማዋ ካሏት ከፍተኛ መመልከቻዎች አንዱ ነው። ግንቡ፣ ወንዙ፣ የባይሻ ጣሪያዎች ሁሉ ፊት ለፊት ይዘረጋሉ። የእመቤታችን ትንሽ ጸሎት ቤት አጠገቡ አለች። ውስጧ አንድ የድንጋይ ወንበር ይገኛል። ነፍሰ ጡሮች ቢቀመጡበት ምጥ ይቀልላቸዋል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ንግሥቶችም ተቀምጠውበታል ይባላል።

ቁልቁል ስትወርዱ ሞራሪያ ነው። ከ1147 በኋላ ሙስሊሞች እንዲኖሩበት የተመደበ ሰፈር ነበር። እዚህ እግራችሁን ጠብቁ። የእግር መንገዱ ከእኛ ኮብልስቶን ባነሱ ነጭ የኖራ ድንጋዮች የተነጠፈ ነው። ስንት ትውልድ ረግጦት ስለለሰለሰ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል። ታች ስትደርሱ ያ ወታደር ስሙን የሰጠው አደባባይ ታገኛላችሁ። ዛሬ ዙሪያው የደቡብ እስያ፣ የቻይናና የአፍሪካ ሰዎች ሱቅ ነው። ቅመም ይሸታል፣ ምሳ የሚበላውም እዚህ ነው።

ባይሻ ሜዳ ነው፣ እግር ያርፋል። ከመንቀጥቀጡ በኋላ በንጉሡ ሚኒስትር በማርኪስ ዴ ፖምባል መሪነት ቀጥ ባሉ መንገዶች እንደ አዲስ ተሠራ። በቤቶቹ ግድግዳ ውስጥ መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም የእንጨት አጽም ገብቷል። ማዶ ያለው ዳገት ወደ ሳኦ ፔድሮ ዴ አልካንታራ ሚራዶሮ ይወስዳል። በዚሁ ዳገት ላይ ከ1885 ጀምሮ ይሠራ የነበረው የግሎሪያ የገመድ ባቡር መስከረም 3 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ከሐዲዱ ወጥቶ 16 ሰዎች ሞተዋል። ስታልፉ አስቧቸው።

ላይ ስትደርሱ ከሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ፀሐይ ከጀርባ ሆና ማዶ ያለውን ግንብ ታበራዋለች። እዚያ የሴራሚክ ካርታ አለ። እሱን እያያችሁ ግራሳን፣ ሴኞራ ዶ ሞንቴን፣ የወረዳችሁበትን ሸለቆ ለዩ። የሳንታ ካታሪናን ሚራዶሮ ግን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ከዚያ የሚታየው የወንዙ የታችኛው ክፍልና ትልቁ ድልድይ ነው፣ በቢካ ሰፈር በኩል ያለው መንገድም የራሱን ግማሽ ቀን ይፈልጋል።