ሌቪ ስትራውስ ድንኳን ቀዶ ጂንስ አልሰፋም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሌቪ ስትራውስ ለወርቅ ቆፋሪዎች ድንኳን ሊሸጥ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ ገዢ ሲያጣ ድንኳኑን ቀዶ ሱሪ ሰፋላቸው፤ ሸራው ሲያልቅበት ዴኒም (የጂንስ ጨርቅ) አምጥቶ ሰማያዊ ነከረው።» ስለ ጂንስ የሚያወራ ሁሉ ይህችን ተረት ሳይነግረን አያልፍም። ካሊፎርኒያ ከመሄዱ በቀር የቱም ክፍሏ እውነት አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሲጀመር ሌቪ ነጋዴ እንጂ ልብስ ሰፊ አልነበረም። በ1829 ባቫሪያ ውስጥ ቡተንሃይም ተወለደ፤ ንግዱን ኒውዮርክ ከወንድሞቹ ጋር ለመደ። ሳን ፍራንሲስኮ የገባው በ1853፣ ወርቁ ከተገኘ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የከፈተውም የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ መደብር ነበር። ሪቬት (ጨርቅ አጣብቃ የምትይዝ ትንሽ የብረት ምስማር) ያለው ሱሪ ሊመጣ ገና ሃያ ዓመት ይቀረዋል።

ሱሪውን የሠራው ጄከብ ዴቪስ ነው፤ ሪጋ ተወልዶ ሬኖ፣ ኔቫዳ ይሠራ የነበረ ልብስ ሰፊ። አንዲት ሴት ለእንጨት ቆራጭ ባሏ የማይቀደድ ሱሪ አዘዘችው። እሱም የፈረስ ልብስ ላይ ጠፍር የሚያያይዝባትን የመዳብ ሪቬት ወስዶ የኪሱ ጥግ ላይ መታት። «ሪቬት ጌጥ ናት» የሚሉ ልብ ይበሉ፦ እጅ ኪስ በገባ ቁጥር ጉልበቱ የሚያርፈው በኪሱ አፍ ሁለት ጫፎች ላይ ነው። እዚያ አንድ ክር ከተበጠሰ ስፌቱ ተከታትሎ ይተረተራል። ሪቬቷ የኪሱንና የሱሪውን ጨርቅ አጣብቃ ስለምትይዝ ጉልበቱ ክሩ ላይ ብቻ አይወድቅም።

የፈጠራ መብት ማስመዝገቢያው 68 ዶላር ለዴቪስ ከበደው። በ1872 ጨርቅ ለሚያቀርብለት ለሌቪ ጻፈ፤ መብቱም ሜይ 20 ቀን 1873 በቁጥር 139,121 ለሁለቱ ወገን ተሰጠ። ልብ በሉ፣ የተመዘገበው የኪስ አፍ ማጠንከሪያው ዘዴ ነው። የዴኒም ሱሪማ ሠራተኛው ቀድሞም ይለብሰው ነበር።

አሁን ወደ ጨርቁ። ዴኒም ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ሰማያዊ አይነከርም፤ ሸራ ነክሮም ዴኒም መሥራት አይቻልም! የዴኒም ድር ሳይሸመን በኢንዲጎ፣ ማለትም በሰማያዊ ቀለም፣ ይነከራል፤ ማጉ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ሽመናው ሰያፍ ነው። የሱሪዎን እግር ገልብጠው ይዩት፦ ውስጡ ወደ ነጭ ያደላል። ሸራ ግን አንድ በላይ አንድ በታች የተሸመነ ነው፤ ካለቀ በኋላ ቢነከር በሁለቱም ፊቱ እኩል ሰማያዊ ይሆናል። ደግሞም ኢንዲጎ የክሩን ላይ ላዩን ብቻ ስለሚይዝ፣ ጉልበቱ ላይ ሲፈገፈግ ከሥር ያለው ነጭ ይወጣል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ተተካ የሚባለውም ውሸት ነው። ዴቪስ ለሌቪ ሲጽፍ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር፤ የሸራውን 3 ዶላር፣ ሰማያዊውን 2.50። የሌቪ ኩባንያ የመጀመሪያ ዴኒምም ማንቸስተር፣ ኒው ሃምፕሸር ካለው የአሞስኬግ ፋብሪካ የተሸመነ ነበር።

ተረቱ ሥር የሰደደው የ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ መሬት መንቀጥቀጥና እሳት የድርጅቱን መዛግብት ስለበላ ነው።

ከፊት ኪስ ውስጥ ያለችው ትንሿ ኪስ? የኪስ ሰዓት ማስቀመጫ። የሌቪ ጂንስ መጠሪያ የሆነው 501? በ1890 ገደማ ለሱሪው የተሰጠ መለያ ቁጥር። ከኋላ ኪስ ላይ ሪቬት የለም፣ ስለዚህ አስመስሎ የተሠራ ነው? አይደለም፤ ኮርቻና ወንበር ስለሚቧጭር በ1937 በጨርቅ ተሸፈነ፣ በ1966 ደግሞ በጥብቅ ስፌት ተተካ።

«የ1880ዎቹ» የተባለ ሱሪ ሊገዙ ከሆነ መጀመሪያ ከኋላ ኪሶቹን ይቁጠሩ። ሁለተኛው የተጨመረው በ1901 ነው። የቀበቶ ማስገቢያ የመጣው ደግሞ በ1922 ነው፤ ከዚያ በፊት ሱሪው በትከሻ ማንገቻ ይያዝ ስለነበር ወገቡ ላይ የማንገቻ ቁልፎች ሊኖሩ ይገባል።