«ቨርቹዋል ጌት» ቺፑ ላይ የት ነው ያለው?

ስለ ሲሊከን ኳንተም ኮምፒውተር የሚያነብ ሰው «ቨርቹዋል ጌት» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ግር ይለዋል። ቺፑ ላይ ቢፈልገው አያገኘውም። የስሌት ትእዛዝ ከሆነው የኳንተም ጌትም ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

እውነተኞቹ ጌቶች ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ናቸው። ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ከሥራቸው አንድ ኤሌክትሮን የሚይዝ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ኳንተም ዶት የሚባለው እሱ ነው። የኤሌክትሮኑን ስፒን (እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገውን ባሕርይ) ኪዩቢት፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተር መሠረታዊ የመረጃ አሃድ፣ የማድረግን ሐሳብ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ዳንኤል ሎስና ዴቪድ ዲቪንሴንዞ በ1998 እ.ኤ.አ. አቅርበዋል።

ጣጣው ጌቶቹ የሚራራቁት በአሥር ቤት በሚቆጠሩ ናኖሜትሮች ብቻ መሆኑ ነው። የአንዱን ቮልቴጅ ስንነካ የጎረቤቱም ዶት ይናጋል። ክራር የቃኘ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዱን ክር ሲያጠብቁት ቀንበሩ በጥቂቱ ይጎብጥና የሌሎቹ ድምፅ ይወርዳል።

ስለዚህ አስቀድሞ ይለካል። ለምሳሌ ጌት 1 ሁለተኛውን ዶት የሚያንቀሳቅሰው የዶቱ የራሱ ጌት ከሚያንቀሳቅሰው 0.3 ያህል ነው እንበል። ጌት 1ን በ10 ሚሊቮልት ከፍ ስናደርግ ጌት 2ን በ3 ሚሊቮልት ዝቅ እናደርጋለን፤ ሁለተኛው ዶት ካለበት አይነቃነቅም። ይህ አብሮ የሚሄድ የቮልቴጅ ቅንብር ነው ቨርቹዋል ጌት። ዶቶቹ ሲበዙ ቁጥሮቹ በማትሪክስ (በቁጥር ሰንጠረዥ) ተደርድረው፣ የእያንዳንዱን ጌት ማካካሻ ለማግኘት የማትሪክሱ ኢንቨርስ (ግልባጭ) ይሰላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ማትሪክሱ ቋሚ አለመሆኑን ነው። ቮልቴጁ ከተለካበት ቦታ ርቆ ከሄደ ዶቱ ቅርጹንና ቦታውን ይቀይራል፤ ያኔ ልኬቱ እንደገና ይጀመራል።