ባሕር የሚቀልበው ደን፦ የሰሜን አሜሪካ ፓስፊክ ዳርቻ ሥነ ምህዳር

ከሰሜን ካሊፎርኒያ ተነስቶ ኦሪገንን፣ ዋሽንግተንንና የካናዳዋን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አልፎ እስከ ደቡብ አላስካ የሚዘልቅ ደን አለ። ረጅም ነው፣ ግን ጠባብ። በአንድ በኩል ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በሌላው በኩል የተራራ ሰንሰለት ይዘውታል። የዝናብ ደን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አማዞን ወይም ኮንጎ ነው። ይሄኛው ግን ቀዝቃዛ ነው። በዓለም ካሉት የቀዝቃዛ አገር የዝናብ ደኖችም ትልቁ እሱ ነው። ስለ እሱ ሲወራ ጨዋታው ሁሉ የዛፎቹ ቁመት ይሆናል። ቁመቱ ያስደንቃል፣ አይካድም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ደን ጠጥቶም በልቶም የሚያድረው ከባሕር ነው።

ከመጠጡ እንጀምር። ከፓስፊክ የሚነሳው እርጥብ አየር ወደ ምሥራቅ ሲነፍስ ተራራ ይገጥመዋል። ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውን ውኃም እዚያው ያራግፋል። በዋሽንግተን ግዛት፣ በኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የሆ ሸለቆ በዓመት 3,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። ከተራራው ጀርባ ያለችው ስኩዊም የተባለች ከተማ ግን የሚደርሳት 400 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ቢበዛ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው።

ዝናቡ የሚበረታው በብርዱ ወራት ነው። ሙቀቱ ሲመጣ ይደርቃል። ቅጠሉን ለሚያራግፍ ዛፍ ይህ አይመችም፤ ውኃ ሲሞላ ቅጠል የለውም፣ ቅጠል ሲያወጣ ውኃው ይሸሻል። መርፌ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ውቅያኖሱ ብርዱን ስለሚያለዝበው በዚያ ወቅትም ምግባቸውን ይሠራሉ። ደኑን ሲትካ ስፕሩስ፣ ሄምሎክ፣ ዳግላስ ፈርና ቀይ ሴዳር የያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

በደቡቡ ጫፍ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሜዳው ሬድውድ የሚባለው ዛፍ የያዘው ነው። በ2006 የተገኘው ሃይፐርየን የተባለው ሬድውድ ከ115 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በሕይወት ካሉት ዛፎች ሁሉ ረጅሙ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ በደረቁ ወራት ጠብ የሚል ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ዛፎቹን የሚታደጋቸው የባሕር ጉም ነው። ጉሙ ከቅጠሎቹ ጋር ሲነካካ ይንጠባጠብና መሬቱን ያርሳል። ቅጠሎቹ ራሳቸውም ውኃ ይመጥጣሉ። ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገ አንድ ጥናት፣ ወደ ሬድውድ ደን ከሚገባው የዓመት ውኃ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከጉም የመጣ ሆኖ ተገኝቷል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ባለታሪኩ ሳልመን ነው። ይህ ዓሣ ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ወደ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ከዚያ እንቁላሉን ለመጣል ወደተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። አብዛኞቹ የፓስፊክ ሳልመን ዝርያዎች አንዴ ከጣሉ በኋላ ይሞታሉ። ክብደታቸውን የያዙት ባሕር ላይ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ዓሣ ሽቅብ የሚጓዝ የባሕር ማዳበሪያ ነው ማለት ነው። አድራሹ ደግሞ ድብ ነው። ድቡ ዓሣውን ከወንዝ ያወጣና ረብሻ ወደሌለበት ወደ ደኑ ይዞት ይገባል። ዓሣው በሽ በሽ ሲሆን ምርጫ ያበዛል፤ አንጎሉንና እንቁላሉን በልቶ ሌላውን ጥሎት ይሄዳል። ቀሪው ለወፍ፣ ለዝንብ እጭ፣ በመጨረሻም ለአፈሩ ነው። ተመራማሪዎች በወንዝ ዳር ዛፎች ግንድ ውስጥ ከባሕር የመጣ ናይትሮጅን አግኝተዋል። ዛፍ ዓሣ በላ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደሴቶች ላይ ከጥቁር ድብ ወገን ሆነው ነጭ የሚወለዱ ድቦች አሉ። ጥናት እንደሚያሳየው ነጮቹ በቀን ብርሃን ሳልመን በማጥመድ ጥቁሮቹን ይበልጣሉ። ከታች ሆኖ ለሚያይ ዓሣ ነጭ ነገር ከሰማዩ ጋር ስለሚመሳሰል ነው ይባላል።

ሌላዋ አመላላሽ ማርብልድ መርሌት የምትባል ትንሽ የባሕር ወፍ ናት። ባሕር ላይ ዓሣ ስታጠምድ ሁሉም ያያታል፤ የት እንደምትፈለፍል ግን በሰሜን አሜሪካ ለረጅም ዘመን ያወቀ አልነበረም። በ1974 ዛፍ ላይ እየወጣ የሚሠራ አንድ ሰው በካሊፎርኒያው ቢግ ቤዚን ፓርክ ጫጩቷን ከመሬት 45 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አገኛት። ወፏ ጎጆ አትሠራም። በሰፊ ቅርንጫፍ ላይ ባደገ ሞስ በሚባል ለምለም ተክል ውስጥ አንዲት እንቁላል ብቻ ታስቀምጣለች። ወላጆቹ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ዓሣ በአፋቸው ይዘው ከባሕር ይመላለሳሉ። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ሰፊ ቅርንጫፍ የሚኖረው ያረጀ ዛፍ ነው።

እርጅና እዚህ ደን ውስጥ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ሞትም እንዲሁ። መሬቱ ፈርን በሚባል ተክልና በሞስ ስለሚሸፈን ትናንሽ ዘሮች ቦታ አያገኙም። የወደቀ ግንድ ግን ከፍ ያለ መደብ ይሆናቸዋል። የስፕሩስና የሄምሎክ ችግኞች በግንዱ ጀርባ ላይ ይሰለፋሉ፣ ሥሮቻቸውን በጎኑ አሾልከው ወደ መሬት ይሰዳሉ። ግንዱ ከብዙ ዘመን በኋላ በስብሶ ሲያልቅ፣ ዛፎቹ ከሥራቸው ባዶ ዋሻ ይዘው በአንድ መስመር ቆመው ይቀራሉ። ሆ ሸለቆ ሄዶ ማን ተከላቸው የማይል የለም።

ባሕሩ ሁልጊዜ ደግ ነው ማለት ግን አይደለም። በጥር 26 ቀን 1700 ምሽት ከባሕሩ ወለል በታች ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። የዳርቻው መሬት በአንዴ ሰጠመ፣ ጨው ውኃ ገባና ዛፎቹን ገደላቸው። የሴዳሮቹ ደረቅ ግንዶች ዛሬም በዋሽንግተን ኮፓሊስ ወንዝ አጠገብ ቆመዋል። ዛፍ በየዓመቱ አንድ የዕድገት ቀለበት ይጨምራል፤ የሥሮቻቸው የመጨረሻ ቀለበት የ1699 ነው። ትክክለኛውን ቀን የነገረን ደግሞ በዚያው ጊዜ ጃፓን የደረሰው ሱናሚ መዝገብ ነው።

የሰው እጅም እዚህ አዲስ አይደለም። ሃይዳ፣ ትሊንጊትና ሌሎች የዳርቻው ሕዝቦች ከሴዳር ጀልባ፣ ቤትና የተቀረጸ ምሰሶ ይሠራሉ። ልጡን ከቆመው ዛፍ ላይ በከፊል ስለሚልጡት ዛፉ አይሞትም፤ ጠባሳ ይዘው የቀጠሉ ዛፎች አሁንም አሉ። ውድመቱ የመጣው ከእንስሳ ቆዳ ነጋዴዎችና ከእንጨት ኩባንያዎች ጋር ነው። ኧርቺን የተባለውን እሾሃም የባሕር እንስሳ የሚበላው የባሕር ኦተር የተባለ ፀጉራም አውሬ ለቆዳው ሲታደን ኧርቺኑ በዛ፣ ኬልፕ የሚባለውንም የባሕር አረም ጨረሰው። ከ1969 እስከ 1972 ባለው ጊዜ 89 ኦተሮች ከአላስካ ወደ ቫንኩቨር ደሴት ተወሰዱ። እነሱ በተባዙበት አካባቢ ኬልፑ ተመልሷል።

የየብሱ ነገር ይከብዳል። ከጥንታዊው የሬድውድ ደን ሳይቆረጥ የቀረው 5 በመቶ ገደማ ነው። በ1993 በቫንኩቨር ደሴት በክላዮኮት ሳውንድ የደን ቆረጣውን የተቃወሙ ከ800 በላይ ሰዎች ታስረዋል። በ2016 በተደረሰ ስምምነት ግሬት ቤር በሚባለው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደን 85 በመቶው ከቆረጣ ነጻ ሆነ። በዋሽንግተን ግዛት በኤልዋ ወንዝ ላይ ለመቶ ዓመት ያህል ሳልመን አላሳልፍ ያሉት ሁለት ግድቦች ከ2011 እስከ 2014 ፈርሰዋል። ዓሣው ሽቅብ መውጣት ጀምሯል፤ ታግዶ የነበረው ደለልም ወርዶ በወንዙ አፍ ላይ አዲስ የባሕር ዳርቻ ሠርቷል።

ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናም። ያረጀ ደን የምትወደው ነጠብጣቧ ጉጉት በ1990 የአሜሪካ ሕግ ጥበቃ ውስጥ ገባች። በ1994 ደግሞ በመንግሥት መሬት ላይ ያለውን ያረጀ ደን ቆረጣ የሚገድብ ዕቅድ ወጣ። ቁጥሯ መቀነሱን አላቆመም። ከምሥራቁ የአህጉሩ ክፍል የመጣ ባርድ አውል የሚባል ተለቅ ያለ ጉጉት ቦታዋን እየነጠቃት ነው። በ2024 የአሜሪካ መንግሥት መጤዎቹ ጉጉቶች እየተተኮሱ እንዲቀነሱ የሚፈቅድ ዕቅድ አጸደቀ። አንዱን ወፍ ለማዳን ሌላውን መግደል ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጭቅጭቅ አልበረደም።